ቦይ፣ ሊኑክስና የከፋለ ክንድ

እኔ ቴሌቪዥን የለኝም። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገር ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሰዉ ስለ ትናንቱ ድራማ ቀስ ብሎ ሲያወራ፣ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ እኛ ቤት ቴሌቪዥን እንደሌለ አሳውቃለሁ። ከዚያ የሚያዝኑልኝ ይመስለኝና «በፈቃዳችን ነው» ብዬ እጨምራለሁ። ባለቤቴ ትዕግስት አጠገቤ ካለች «በፈቃዱ ነው» ብላ ታርመኛለች።

ሳልጠየቅ የምናገረው ሁለተኛው ነገር ሊኑክስ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ሊኑክስ ማለት ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሥርዓት ነው። አብዛኛው ሕዝብ በሌላው ይጠቀማል፤ ጥቂቶች በዚህ እንጠቀማለን፤ ጥቂት መሆናችንም አይከፋንም። በነፃ ይገኛል፣ ቫይረስ እንደልቡ አይገባበትም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጌታው ተጠቃሚው ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር የቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰበክኳት ቁጥሩን አላውቀውም። ከሰሙኝ መካከል እስካሁን ወደ ሊኑክስ የተሻገረ የለም። ሰልፍ የቀየረ ግን አለ።

ሥራዬ ቤት ቁጭ ብሎ ሰነድ መተርጎም ነው። በሰፈራችን ዓይን ይህ ሥራ አይባልም፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ደክሞት ያልተመለሰ ሰው ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ የቦይ ኮሚቴ ሲቋቋም አንዱ ተነስቶ «እሱ እንደሆነ ሁልጊዜ ቤት ነው» አለና በሙሉ ድምፅ ጸሐፊ ሆንኩ።

የቦዩ ነገር ቀልድ አልነበረም። ሰፈራችን ቁልቁለት ላይ ነው። ቤቶቹ በጥድፊያ ሲሠሩ የዝናቡ ውሃ የት እንደሚሄድ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ውሃው ግን ለራሱ አስቦ በእኛ ሳሎን በኩል መንገድ አውጥቷል። ባለፈው ሐምሌ ገብቶ ጫማዬን ይዞ ወጣ። አንዱን እግር ጎረቤቴ ከፋለ በር ላይ ጥሎት ሄደ፤ ሌላውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የወይዘሮ አስናቀች ደግሞ የኋላ ግድግዳቸው ተደርምሶ ክረምቱን በሸራ ጋርደው ነው የጨረሱት። ዘንድሮም ቦይ ሳይቆፈር ክረምት ከገባ የፊተኛው ግድግዳ ተራው ነው።

ወይዘሮ አስናቀች የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከዳይሬክተርነቱ አይደለም። ሦስተኛው የኮሚቴ አባል ከፋለ ነው፤ በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ቤት አለው፣ ትከሻው የራሱን በር ያክላል፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ ያን የሚያክል ቴሌቪዥን ሰቅሏል።

ቦዩ ከላይ ወርዶ ወንዙ እስኪደርስ ድረስ የግድ በአንድ ቦታ ማለፍ አለበት፤ በኦቦ ደበላ መሬት ዳር። ኦቦ ደበላ ሰፈራችን ሰፈር ሳይባል በፊት እዚያው ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አሁን የቀረቻቸው ከግቢያቸው ጀርባ ያለች ቁራጭ ማሳና ሦስት ላሞች ናቸው። ቦዩን እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያላየሁት ነገር ላይ አልፈርምም።

እኔ ደግሞ የሚያዩትን አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ፣ ከትርጉም ሥራዬ እየሰረቅሁ፣ ሊኑክሴ ላይ በነፃ የካርታ ፕሮግራም፣ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ ቦዩን በቀይ መስመር ስዬዋለሁ። ቀጥ ያለ መስመር ነው። በሕይወቴ ቀጥ ያለ ነገር ሠርቼ ስለማላውቅ ኮራሁበት። ላፕቶፔን ይዤ ኦቦ ደበላ ቤት ሄድኩ፣ «አካም ቡልተኒ» ተባባልን፣ ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉኝ በትሕትና። «ግን ምንም የለበትም።»

ወይዘሮ አስናቀች ይህን ስነግራቸው ትልቅ ስክሪን ፈልግ አሉኝ። ከፋለ ወዲያው የእሱን ቴሌቪዥን አቀረበ። ችግሩ ግን ኦቦ ደበላና ከፋለ ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል። ከፋለ አምና ወደ ውጭ የሚከፈት ሰፊ በር ሠርቶ አጥሩ ላይ ገጠመ፤ በሩ ሲከፈት የኦቦ ደበላ ላሞች የሚያልፉበትን መንገድ ይዘጋል። አንድ ቀን አንዷ ላም በሩ ሥር ተሰንጋ ቆመች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ እንኳን በሰው በኩል ነው የሚላላኩት። ኦቦ ደበላ ያን በር አልፈው ከፋለ ሳሎን ይገባሉ ማለት የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ እኔ ተነሳሁ። እሁድ ሁላችሁም እኔ ቤት ኑ፣ ትልቅ ሞኒተር አመጣለሁ፣ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘዋለሁ አልኩ። ከፋለ ሊኑክስህ ይቀበለዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቅን ነበር፤ እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩትና ጌታው ተጠቃሚው ስለመሆኑ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። ትዕግስት ይህን ስትሰማ እንጀራውን አጠፍ አድርጋ መብላቷን ቀጠለች። ሰኔ ገብቶ ነበር።

ሞኒተሩ የተገኘው ሰበታ ነው። ሰለሞን የሚባል ጓደኛዬ እዚያ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ሞኒተሩ አልጋ ሥር ነው የሚያድረው። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አቧራውን አራግፌ ተረከብኩት። ሰለሞን እንደሚሠራ ማለልኝ። በኋላ ሳስበው የማለው ስለ ሞኒተሩ ብቻ ነው፤ ከእኔ ላፕቶፕ ጋር ይሠራል አላለም።

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፤ በሦስት ታክሲ፣ ሞኒተሩን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝኩ። የመጀመሪያው ታክሲ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ጥቁሩን መስታወት አይተው፣ ይቅርታ ልጄ ብለው ወደ ራሳቸው ዘንበል አደረጉትና ሻሻቸውን አስተካከሉበት። እስከ አየር ጤና ሦስት ጊዜ አስተካክለዋል። አስኮ ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ ኳሱ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቀኝ። ቴሌቪዥን እንዳልሆነ፣ ቴሌቪዥንም እንደሌለኝ፣ በፈቃዴም እንደሆነ ነገርኩት። መስኮቱን ከፈተና ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ቤት ደርሼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ነው ነገሩ የገባኝ። የላፕቶፔ መሰኪያ ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው። የሞኒተሩ ገመድ መሰኪያ ደግሞ አሥራ አምስት ትንንሽ እሾህ ያለው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰር፣ የድሮ ዘመን ነገር። ሁለቱን ለማገናኘት መሸጋገሪያ ያስፈልጋል፤ የሱቅ ሰዎች ኮንቨርተር ይሉታል። ታክሲ ተራው አጠገብ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሲፈጥረው ሳቅ የነሳው ሰው ነው። ጥያቄዬን ሰምቶ ጨረሰና፣

«ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

ኮምፒውተሩ የማን እንደሆነ የጠየቀኝ መስሎኝ የእኔ መሆኑን፣ ባለቤቴ በስልኳ እንደምትጠቀም አስረዳሁት። እሱ የጠየቀው የምፈልገውን ኮንቨርተር ጫፍ ነው፤ የሚገባው ወንድ፣ የሚቀበለው ሴት ይባላል። እኔ የሞኒተሩን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር፤ ግን አላየሁም ማለት ስላስጠላኝ ወንድ አልኩ። ቤት ሄጄ ሳየው የገዛሁትም የሞኒተሩም ሁለቱም ወንድ ናቸው። ተመልሼ ስሄድ ባለሱቁ ሴቷን አውጥቶ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ነበር የጠበቀኝ።

አገናኘሁት። የሞኒተሩ መብራት በራ፣ ልቤም በራ። ከዚያ መሀሉ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ሰማያዊ ጽሑፍ መጣ። እኔ የምኖረው በትርጉም ስለሆነ ልተርጉምላችሁ፤ የደረሰኝ ነገር ከአቅሜ ውጭ ነው ይላል። ይህን ብሎ ጨለመ። እውነት ለመናገር አከበርኩት። ከስንት ሰው ጋር ኮሚቴ ተቀምጫለሁ፤ ይህን በግልጽ የተናገረ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ችግሩን ቆይቼ ተረዳሁት። ላፕቶፕ አንድ ሞኒተር ሲሰካበት ማን ነህ፣ ምን ያህል ምስል ትችላለህ ብሎ ይጠይቃል፤ ሞኒተሩም ይመልሳል። እኔ የገዛሁት ኮንቨርተር ግን ምስሉን እንጂ ጨዋታውን የማያሳልፍ ዓይነት ነው። ስለዚህ ላፕቶፔ ከማን ጋር እንደተገናኘ ሳያውቅ በግምት ይልካል፣ ሞኒተሩ ደግሞ የሚችለውን መናገር ሳይችል ይጨልማል። ኦቦ ደበላና ከፋለም እንደዚሁ ነበሩ፤ እነሱ እንኳ መሀላቸው ወይዘሮ አስናቀች አሉ።

እንዲህ ያለው ነገር ሊኑክስ ላይ የሚስተካከለው ተርሚናል በሚባል ጥቁር መስኮት ትእዛዝ በመጻፍ ነው። እኔ ትእዛዝ ከመጻፍ ይልቅ ስለ ትእዛዝ ማውራት ነው የምችለው። ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ልክ እንደ እኔው ዓይነት ላፕቶፕ፣ ልክ እንደ እኔው ዓይነት ሞኒተር ይዞ የተቸገረ ሰው አገኘሁ። ችግሩን በስድስት አንቀጽ አሳምሮ ጽፏል። ከሥሩ ራሱ በሁለት ቃል፣ ተፈታ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ሄዷል። እንዴት እንደተፈታ አንድ ፊደል የለም። ይህን ሰው ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ሌሎች ሰዎች የለጠፏቸውን ረጃጅም መስመሮች ምን እንደሚሉ በቅጡ ሳላውቅ ወደ አንድ ፋይል ገለበጥኩ። ልሞክራቸው ስል መብራት ጠፋ፤ ቅዳሜ በዚሁ አለቀች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይዘሮ አስናቀች በተባለው ሰዓት፣ በደቂቃ ሳይዛነፉ መጡ። ኦቦ ደበላ ዱላቸውን ተደግፈው ተከተሉ፤ ትዕግስት ለስክሪኑ ቅርብ የሆነውን ወንበር ሰጠቻቸው። ከፋለ መጨረሻ ገባና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያም ሰላምታው በሥርዓቱ ተካሄደ፤ ከፋለ ወይዘሮ አስናቀችን «ኦቦ ደህና ናቸው?» አላቸው፤ ኦቦ ደበላ እዚያው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው «ደህና ነው በይልኝ» አሉ፤ እሳቸውም ደህና ናቸው ብለው አስተላለፉ።

ትዕግስት ዳቦና ሻይ አቀረበች፤ እኔ ጀርባዬን ለእንግዶቼ ሰጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን መስመር ስጽፍ የላፕቶፔ ፊደላት አድገው አንዷ «ሀ» ግማሽ ስክሪን ያዘች። ሁለተኛውን ስጽፍ ደቀቁ፤ ሦስተኛውን ስጽፍ ጨርሰው የሉም። ሞኒተሩ በየመሀሉ ከአቅሜ ውጭ ነው ይላል፣ ይጨልማል። አንገቴ ሥር ላብ ይወርዳል። ከኋላዬ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል። ሰባተኛውን መስመር ስጽፍ የላፕቶፑም ስክሪን ድርግም አለ።

ወይዘሮ አስናቀች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ይኸው ቢያንስ ተመሳሰሉ» አሉ።

ከፋለ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ ቴሌቪዥኑን እንደሆነ አብርቼው ነው የመጣሁት አለ። ኦቦ ደበላ ዱላቸውን ወለሉ ላይ አስተካከሉ፤ ሊነሱ ነው ማለት ነው። በሰኔ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እሳቸውን አምጥቶ ማስቀመጥ እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ጋ የወይዘሮ አስናቀች ግድግዳ ታየኝ፤ የእኔ ምላስ ያመጣው ነገር መሆኑም ታየኝ። ስክሪን ሳላይ፣ በጨለማው፣ በእጄ ትዝታ ብቻ ከገለበጥኳቸው መስመሮች የመጨረሻዋን ለጥፌ መታሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መጣ» አለች ትዕግስት። ትንሽ ቆይታ «ተኝቷል እንጂ» አለች።

ዓይኔን ስገልጥ ካርታዬ ሞኒተሩ ላይ አለ። ትልቅ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ቀዩ መስመርም አለ። ግን በጎኑ ተጋድሟል። ያ ስሙን የማላውቀው ሰው የጻፈው መስመር ውስጥ ምስሉን አዙር የሚል ቃል እንደነበረበት ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አደረገ። ኦቦ ደበላም ሞከሩ፤ አንገታቸው እምቢ አላቸው። አንድ መስመር ብቻ ልጻፍና ላስተካክለው አልኩ፤ እጄ ወደ ላፕቶፑ ሲሄድ አራቱም ባንድ ድምፅ እንዳትነካው አሉኝ። ጌታው ተጠቃሚው እጁን ሰበሰበ።

ከፋለ ጠማማ ነገር አይወድም፤ ሥራው ነው። ተነሳና ሞኒተሩን በሁለት እጁ አንስቶ አዞረው። መጀመሪያ በተሳሳተው በኩል ስለሆነ ካርታው ተዘቅዝቆ ወንዙ ከላይ፣ ሰፈሩ ከታች ሆነ፤ ወይዘሮ አስናቀች ውሃው ሽቅብ ሊወጣ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በሌላው በኩል ሲያዞረው ቀጥ አለ። የሚገርመው፣ ቦዩ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ እንደዚያ ቆሞ ሲታይ ይበልጥ አማረበት። ነገር ግን የሞኒተሩ እግር አሁን በጎኑ ወጥቷል፤ መቆም አይችልም። ገመዱ ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ ከፋለ ሞኒተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ቀጥ ብሎም ሳይቆም፣ ቁጭ ብሎም ሳይቀመጥ፣ ጎበጥ ብሎ ቀረ።

ኦቦ ደበላ ተነሱ። ለማየት መቅረብ አለባቸው፤ ለመቅረብ ደግሞ ከከፋለ ደረት አንድ ስንዝር መድረስ አለባቸው። ቀረቡ። ከዚያ በዓመት ውስጥ ለከፋለ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገሩ።

«ትንሽ ከፍ አድርገው።»

ከፋለ ከፍ አደረገው።

ኦቦ ደበላ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው መጓዝ ጀመሩ። ይህ የማን ጣሪያ ነው ይሉኛል፤ የእርስዎ ነው እላለሁ። ይሄስ ይላሉ፤ በረቱ ነው እላለሁ። የድሮው ቤታቸው የነበረበትን ቦታ እኔ ሳልነግራቸው አገኙት፤ ሣሩ እዚያ ጋ ቀለሙ ይለያል። መሬታቸውን ከላይ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተፈታ፤ በኦሮምኛ ለራሳቸው ጥቂት ቃል አሉ፤ ወይዘሮ አስናቀች ሰምተው ፈገግ አሉ። ከፋለ ከጀርባው ስለሆነ ምንም አይታየውም፤ የሚያየው የኦቦ ደበላን ግንባር ብቻ ነው።

ጣታቸው በቀዩ መስመር ወርዶ መሬታቸው ዳር ላይ ቆመ። ይቺ ጥቁር ነገር ምንድን ናት አሉኝ። ቆሻሻ ነች ብዬ በእጅጌዬ ጠረግኋት። አልለቀቀችም። ደግሜ ጠረግኋት።

«ተዋት» አሉ ኦቦ ደበላ። «ወይራዋ ናት። ጫልቱ የተከለቻት።»

አዴ ጫልቱ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። እኔ በዚያች ወይራ ሥር በየቀኑ ወደ ታክሲ አልፋለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ተጠልዬባታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስስል ግን አላየኋትም። ቀጥ ያለው ቀይ መስመሬ በመሀሏ ነው የሚያልፈው።

«ሰው ሲነግረኝ ዳር ዳሩን ነው የሚያልፈው ይለኛል» አሉ ኦቦ ደበላ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ዳር ላይ ያለችው እሷ ናት። ለዚህ ነው ካላየሁ ያልኩት።»

ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ወይዘሮ አስናቀች መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉና መስመሩ መታጠፍ ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ይችላል አልኩ፤ ግን የሚታጠፈው ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው፤ ወደ ከፋለ አጥር። እዚያ ደግሞ በሩ አለ። ቦይ ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት በር አይሆንም፤ በሩ ወደ ውስጥ መዞር፣ አጥሩም አንድ ሜትር ወደ ኋላ መግባት አለበት።

ሁላችንም ወደ ሞኒተሩ ዞርን፤ ከሞኒተሩ በላይ የከፋለ ጭንቅላት አለ። ልውረድና፣ ማለቴ ላስቀምጠውና እንነጋገር አለ።

«አይ» አሉ ወይዘሮ አስናቀች። «ኦቦ ገና አይተው አልጨረሱም።»

ይህን ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ የባለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አወጡ፣ ከመጀመሪያው አጀንዳ ጀምረው ለልጆች እንደሚነበብ ቃል በቃል ያነቡ ጀመር። አንድ ገጽ አነበቡ። ሁለተኛውን ገለጡ። የከፋለ ክንድ ቀስ ብሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ሞኒተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ካርታው ተንቀጠቀጠ፣ ግማሽ ቡራዩ ከነጣሪያው ኦቦ ደበላ አፍንጫ ሥር ተርገፈገፈ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ወይዘሮ አስናቀች ሦስተኛው አጀንዳ ላይ ሲደርሱ ውሃ ጠጡ።

«በሩን አዞረዋለሁ» አለ ከፋለ።

«አጥሩስ?» አሉ ወይዘሮ አስናቀች ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

«አጥሩንም አስገባለሁ።»

ኦቦ ደበላ ያን ጊዜ ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አንስተው ከፋለን ተመለከቱት። ልክ ሰው መሆኑን አሁን ያዩ ይመስል ነበር።

«ላሞቹስ?»

«ላሞቹም ያልፋሉ፣ ኦቦ። እንደ ድሮው።»

«ቶሌ» ብለው ተስማሙ ሽማግሌው። «በል አስቀምጠው፤ ደከመህ።»

ከፋለ ሲያስቀምጠው ገመዱ ተሳበና ምስሉ ጠፋ። ማንም ግድ አልሰጠውም። ኦቦ ደበላ ያዩትን አይተዋል፤ ወይዘሮ አስናቀች ወረቀቱን ዘርግተው ጣታቸውን ይዘው አስፈረሙ። ቃለ ጉባኤው ላይ ወይዘሮ አስናቀች ራሳቸው እንድጽፍ ያዘዙኝ፣ ጸሐፊው ባቀረቡት ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ታግዘን የሚል ቃል አለበት። ጻፍኩት። ሳልጽፈው ብቀር ማን ያምነኛል?

ቦዩ ሰኔ ሳያልቅ ተቆፈረ። ወይራዋ ጋ ሲደርስ እንደ ክርን ታጥፎ ያልፋል፤ ቀጥ ያለ ነገር አልሆነልኝም። በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ቀን እኔና ትዕግስት ሳሎናችን ደፍ ላይ ቆመን ውሃው ሲመጣ ጠበቅን። ድምፁ መጣ፣ በአጠገባችን አለፈ፣ ሄደ። ትዕግስት ምንጣፉን ለማንሳት ተዘጋጅታ ነበር፤ እጇ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች። ወይዘሮ አስናቀች ሸራቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ።

በዚያ ሳምንት ከፋለ በሩን ወደ ውስጥ ሲያዞር ላግዘው ሄጄ ነበር። ማገዝ ማለት መፍቻ ማቀበል ነው። በሩን ከማጠፊያው ብቻውን አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ተሻገረና አጥሩ ላይ አስደገፈው። ያን ዕለት በዚያ ሞኒተር ክንዱን ስላደከምኩት ይቅርታ ጠየቅሁት። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ያ ዕቃ ስንት ኪሎ ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ቢበዛ አራት ቢሆን ነው አልኩ። አንድ ጊዜ በሩን አየት፣ አንድ ጊዜ እኔን አየት አደረገና መነጽሩን መልሶ ብየዳውን ቀጠለ። ነገሩ የገባኝ ቤቴ ልገባ ስል ነው፤ ያን በር ብቻውን ያነሳ ክንድ አራት ኪሎ አያንቀጠቅጠውም።

ከዚያ ወዲህ ሞኒተሩ አልበራም። ያችኑ መስመር፣ ያንኑ ገመድ፣ ያንኑ ኮንቨርተር፣ በቁሙም በጎኑም ሞክሬዋለሁ። ከአቅሜ ውጭ ነው ይላል፣ ይጨልማል። ስለ ሊኑክስ መስበኩን ግን አላቆምኩም፤ ድምፄን ቀነስ አድርጌያለሁ እንጂ።

በሐምሌ አንድ እሁድ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ደበላ ናቸው፤ ዝናቡ ጋቢያቸውን አርሶታል። ስለ ቦዩ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ። አይደለም፤ በቤቴ አጠገብ ሲያልፉ ካርታውን አስበው ነው የገቡት። ወይራዋን ከላይ አንድ ጊዜ ልያት አሉ።

ወንበር ሰጠኋቸው፣ አገናኘሁት፣ መስመሯን መታሁ። ሻይ መጣ፣ ተጠጣ፣ ብርጭቆው ቀዘቀዘ። እሳቸው በትዕግሥት ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ፤ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። መሠረቱን የማላውቀውን ነገር ሁሉ አደረግሁ። በመጨረሻ እጄን ከላፕቶፑ ላይ አነሳሁ።

ኦቦ ደበላ ወደ መስኮቱ ዞረው ዝናቡን አዩ፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው ደክሟል ባልኩት አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

«ደመናው ይሆናል» አሉኝ። «ከላይ አያሳይም ይሆናል።»

ሊኑክስን በተመለከተ እስከዚያች ቀን አንድም ጊዜ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

«አዎ፣ ኦቦ» አልኩ። «ደመናው ነው።»

«እንግዲያው በመስከረም እመጣለሁ» ብለው ዱላቸውን አነሱ።

ይህን ስጽፍ ነሐሴ ተጋምሷል።